የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር፦ ከቨርጂኒያ የግል ተሞክሮ

በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ከፍተኛ ትምህርት የምንጀምረው በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ያንሳል፤ የማታና የቅዳሜ ክፍሎች ስላሉት ከሥራ ጋር ይስማማል፤ እንግሊዝኛችንን እያሻሻልን እንድንማርም ዕድል ይሰጣል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በቨርጂኒያ በኩል ያለነው «ኖቫ» ብለን የምንጠራውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ በሜሪላንድ በኩል ያሉት ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን በቅርብ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ የቀረውን ሁለት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ማጠናቀቅ ጥሩ ዕቅድ ነው፤ እኔም በቨርጂኒያ ከሚገኝ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተነሥቼ በዚያው ግዛት ባለ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ኮርሶቼ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወሩ ያየሁት ነገር፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በሥራ ቦታ ዘወትር ከምንሰማው «ዝም ብለህ ጀምር፣ ክሬዲቱ ይተላለፋል» ከሚለው ምክር ጋር ሙሉ በሙሉ የሚገጥም አልነበረም። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ይህን የጻፍኩት ቀሪውን ግማሽ ገና በመንገድ ላይ ላላችሁ ለማካፈል ነው።

ቀሪው ግማሽ ይህ ነው፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲታችሁን መቀበሉና ያ ክሬዲት ለምትፈልጉት ዲግሪ መቆጠሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ «ይህን ያህል ክሬዲት ተቀብለንልዎታል» ብሎ ሲጽፍ ደስ ይላል፤ ሆኖም የተቀበለው ክሬዲት በዲግሪው መስፈርት ውስጥ ቦታ ካላገኘ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል እንጂ የመመረቂያውን ቀን አያቀርብም። የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግን ጠቅላላ ትምህርት ለሚባሉት፣ ለዋናው የትምህርት መስክና ለነጻ ምርጫ የተመደቡት ክሬዲቶች ለየብቻ ናቸው። ነጻ የምርጫ ቦታው እንደ አካውንቲንግ፣ ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ ባሉ መስኮች እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ «የምርጫ ኮርስ» ተብሎ የተመዘገበ ክሬዲት ከቦታው በላይ ሲሆን ትርፍ ይሆናል። የፌዴራል መንግሥቱን ሥራ ለኮንግረስ የሚመረምረው ጂ.ኤ.ኦ. የተባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲት እንደሚያጡ፣ ከአንድ የመንግሥት ተቋም ወደ ሌላ የመንግሥት ተቋም ለተዛወሩት እንኳ ይህ ቁጥር ወደ 37 በመቶ እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። ይህን ቁጥር የማነሣው ማንንም ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ነገሩ በዕድል የሚተው አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ከዩኒቨርሲቲው የሚደርሳችሁን የክሬዲት ግምገማ ስትመለከቱ እያንዳንዱን ኮርስ ለብቻው አንብቡ። አንድ ኮርስ ከዩኒቨርሲቲው ኮርሶች በአንዱ ቁጥር ከተተካ ተመጣጣኝ ተገኝቶለታል ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው ውጤት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተመጣጣኝ ያላገኙለትን ኮርስ በቁጥሩ ቦታ የ«ኤክስ» ፊደላትን ወይም ሰረዝን በማስገባት ያሳያሉ፤ ይህም ክሬዲቱ ቢያዝም የትኛውንም የተወሰነ ኮርስ እንደማይተካ ይነግራችኋል። ጭራሽ ያልተዘረዘረ ኮርስ ካለ ደግሞ ውድቅ ሆኗል፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ውጤቱ ከ«ሲ» በታች መሆኑ፣ ወይም ኮርሱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማጠናከሪያ ወይም የሒሳብ መሠረት ማስያዣ በመሆኑ ከመጀመሪያውም ለዲግሪ የማይቆጠር መሆኑ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚዛወረው ክሬዲቱ እንጂ ውጤቱ አይደለም። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያገኛችሁት ጂፒኤ ለመግቢያና ለስኮላርሺፕ ይጠቅማል፤ በዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ ግን አዲስ ጂፒኤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀመራል። ስለዚህ ለከባድ ኮርሶች ትከሻን ማስለመድ እንዲቻል የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር ቀለል ማድረግ እመክራለሁ።

በእኔ ግምገማ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ የማክሮና የማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ የካልኩለስ እንዲሁም የሁለቱ ሴሚስተር የአካውንቲንግ መርሆዎች ኮርሶች ያለ ችግር ተመጣጣኝ አግኝተዋል። ያልሆነው የስታቲስቲክስና የንግድ ሕግ ነበር። ሁለቱም ክሬዲታቸው ተቀባይነት አግኝቶ «የምርጫ ኮርስ» ተብለው ተመዘገቡ፤ በእኔ የዲግሪ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ የምርጫ ቦታ ቀድሞ ሞልቶ ስለነበር ሁለቱንም እንደገና ልወስድ ነው ማለት ነው። ስታቲስቲክሱ ይበልጥ ያሳሰበኝ ለሌሎች ሁለት ኮርሶች ፕሪሪኩዚት ስለነበር ነው፤ እሱ ከሌለ እነዚያን መመዝገብ አይቻልም፣ እነዚያ ከዘገዩ ደግሞ ምረቃው በአንድ ዓመት ሊገፋ ይችላል። አንድ ኮርስ ዋጋው ሦስት ክሬዲት ብቻ ሆኖ ሳለ አንድ ዓመት ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ሰንሰለት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ለይግባኝ ስትዘጋጁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሌሎች ኮርሶች የሚጠብቁትን ኮርስ አስቀድሙ።

ይግባኝ የሚለው ቃል ከባድ ይመስላል እንጂ ሥራው በትዕግሥት የሚሠራ የወረቀት ሥራ ነው። ለመግቢያ ጽሕፈት ቤቱ ደጋግሞ መደወል ብዙም አይጠቅምም፤ ኮርስ ከኮርስ ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው ኮርሱን የሚያስተምረው የትምህርት ክፍል ነው። እኔ ያቀረብኩት የተማርኩበትን ሴሚስተር ሲለበስ ነበር፤ አገር ቤት የኮርስ አውትላይን የምንለው ሰነድ ማለት ነው። በውስጡ በየሳምንቱ የተሸፈኑት ርዕሶች፣ የመማሪያ መጽሐፉ ርዕስና እትም፣ የፈተናዎቹና የቤት ሥራዎቹ ድርሻ ተዘርዝሯል። ከእሱ ጋር የኮሌጁን ካታሎግ ገጽና የዩኒቨርሲቲውን የራሱን የስታቲስቲክስ ኮርስ ሲለበስ አያያዝኩ፤ ከዚያም በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ የሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ፕሮባቢሊቲ፣ የናሙና አወሳሰድ፣ የመላምት ፍተሻ፣ ሪግሬሽን፣ ሁሉም በሁለቱም ውስጥ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በኮምፒዩተር የሚሠራ የመረጃ ትንተናን እንደሚጨምር ስላየሁ፣ በኤክሴል የሠራሁትን የሴሚስተር ፕሮጀክትም አከልኩበት። የትምህርት ክፍሉ ስታቲስቲክሱን ተመጣጣኝ አድርጎ ተቀበለው።

የንግድ ሕጉን ግን አልተቀበለውም፤ ምክንያቱንም በግልጽ ጻፈልኝ። በዩኒቨርሲቲው ያ ኮርስ በሦስተኛ ዓመት ደረጃ የሚሰጥ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደረጃ የተሰጠ ኮርስ ይዘቱ ቢቀራረብ እንኳ ሊተካው አይችልም ተባለ። በወቅቱ አዝኜ ነበር፤ በኋላ ግን ይህ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሰፊ ልማድ መሆኑን ተረዳሁ። ኤ.ኤ.ሲ.ኤስ.ቢ. የተባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የያዙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የቢዝነስ ኮርሶችን ተማሪው በራሳቸው ግቢ እንዲወስድ ይፈልጋሉ። አብሮኝ የተማረ አንድ ወንድማችን ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግን በኮሚኒቲ ኮሌጅ በከፍተኛ ውጤት ጨርሶ፣ በዩኒቨርሲቲ ግን ያንኑ ኮርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተምሯል። እንዲህ ያሉ ኮርሶች በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጡት በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ሥራ ለሚያስገባው ዲፕሎማ ነው። ይህ ዲፕሎማ አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ይባላል፤ ለዝውውር የተዘጋጁት የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ደግሞ አሶሺየት ኦፍ ሳይንስና አሶሺየት ኦፍ አርትስ ናቸው። ስማቸው ተቀራራቢ ስለሆነ በምዝገባ ጊዜ በፕሮግራሙ ስም ላይ «አፕላይድ» የሚለው መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የሥራ ዲፕሎማው ቶሎ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ፤ ዓላማችሁ ግን ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ለዝውውር የተዘጋጀው ዲግሪ በሩ ሰፊ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ይግባኙ ራሱ እንዳያስፈልግ አድርጎ መጀመር ነው። በቨርጂኒያ 23ቱ የግዛቱ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የኮርስ ቁጥሮቻቸውን በጋራ ስለሚጠቀሙ፣ በአሌክሳንድሪያ የወሰዳችሁት ኮርስ በሪችመንድ ካለው ጋር አንድ ቁጥርና አንድ መሠረታዊ ይዘት አለው። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ መሠረትም ከ15 እስከ 16 ክሬዲት የሚይዝ «ፓስፖርት» የተባለ የኮርሶች ስብስብና ቢያንስ 30 ክሬዲት ያለው የጠቅላላ ትምህርት ሰርተፊኬት ተዘጋጅተዋል፤ በእነዚህ ውስጥ ያሉት ኮርሶች በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጠቅላላ ትምህርት መስፈርትን እንዲያሟሉ ታስበው የተመረጡ ናቸው። «ትራንስፈር ቨርጂኒያ» በተባለው የግዛቱ ድረ ገጽ ላይ የኮሌጁን ኮርስ አስገብቶ በየዩኒቨርሲቲው ምን ሆኖ እንደሚቆጠር ማየት ይቻላል። በዚያው በ2018 ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ተማሪው ከመጀመሪያው መስኩን መርጦ፣ በሁለቱም ተቋማት የተስማሙበትን የኮርስ ቅደም ተከተል ይከተላል። መስኩን ቀድሞ ላወቀ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት አላየሁም።

ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በካሊፎርኒያ «አሲስት» የተባለው ድረ ገጽ ኮርሶችን ያመሳስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የዝውውር አሶሺየት ዲግሪም በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ መግቢያን ያረጋግጣል። ሚኒሶታ በአሥር የትምህርት ዘርፎች የተከፋፈለ 40 ክሬዲት ያለው የጋራ ሥርዓተ ትምህርት አላት፤ ቴክሳስ ደግሞ 42 ክሬዲት። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው የዝውውር ሕግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲትን ሲከለክል ምክንያቱን ለተማሪውና ለላከው ኮሌጅ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሮክቪል የምትማሩ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ መሆኑን እወቁ። እነዚህ ስምምነቶች ሁሉ ግን በግዛቱ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። በሲያትል ተምረው ወደ ቨርጂኒያ የመጡ የቅርብ ዘመዶቼ ይህን በደንብ አይተውታል። በዋሽንግተን ግዛት ትምህርቱ በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት፣ ስለሚቆጠር፣ እዚያ የ90 ክሬዲት አሶሺየት ዲግሪ በሴሚስተር ሒሳብ 60 ክሬዲት ነው፤ አምስት ክሬዲት የነበረው ኮርስም ሦስት ከሲሶ ገደማ ይሆናል። ይህ ክሬዲት መጥፋት አይደለም። ችግር የሚፈጠረው በሦስት ኳርተር የሚሰጠውን ኬሚስትሪ ወይም ካልኩለስ ሁለቱን ብቻ ጨርሶ በመሄድ ነው፤ ይዘቱ ለሁለት ሴሚስተር ሳይሞላ ይቀርና አንዱን እንደገና መድገም ይመጣል። ግዛት ልትቀይሩ ካሰባችሁ እንዲህ ያለውን ተከታታይ ኮርስ ጨርሳችሁ ተነሡ።

አገር ቤት በዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጠብቃችኋል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን ወስጄ ነበር። ትራንስክሪፕቱ በአሜሪካ ተቋም እንዲታይ ናሴስ በተባለው የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር አባልነት በተመዘገቡ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ በደብልዩ.ኢ.ኤስ. ወይም በኢ.ሲ.ኢ.፣ መገምገም አለበት። ግምገማው ዲግሪውን ብቻ በአጠቃላይ የሚያሳየው ሳይሆን ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረው መሆን ይገባዋል፤ ርካሹ ዓይነት ለሥራ ይበቃ ይሆናል፣ ለክሬዲት ግን አይሆንም። ኮሚኒቲ ኮሌጁ ከአገር ቤት ካመጣኋቸው ኮርሶች የተወሰኑትን ተቀብሎ በትራንስክሪፕቴ ላይ መዝግቦልኝ ነበር። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ዩኒቨርሲቲው ይህን የኮሌጁን ውሳኔ ተቀብሎ እንደማያልፍ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ኮርሱ መጀመሪያ ከተወሰደበት ተቋም የመጣውን ማስረጃ ራሳቸው ስለሚገመግሙ፣ የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ግምገማ ለእነሱም በቀጥታ መላክ አለበት። ከዚያ በኋላ የሎጂክ ኮርሴ ከጠቅላላ ትምህርት ኮርሶች ተቆጠረልኝ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርሱ ግን በብዙ ተቋማት እንደሚደረገው ሳይቆጠር ቀረ። አገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከመነሣታችሁ በፊት የየኮርሱን አውትላይን በማኅተም አረጋግጣችሁ ብታመጡ፣ ከዓመታት በኋላ ከሩቅ ሆኖ ሰው ከመላክ ትድናላችሁ።

በዩኒቨርሲቲው መወሰድ ያለበትን ዝቅተኛ ክሬዲትም አስቡበት። በደቡባዊው አካባቢ፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ኮሌጆችን የሚያጸድቀው አካል ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያስፈልገው ክሬዲት ቢያንስ 25 በመቶውን ተማሪው ዲግሪውን በሚሰጠው ተቋም እንዲወስድ ይጠይቃል፤ በ120 ሲሰላ 30 ክሬዲት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ ብሎ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያለ ልክ መቆየት ከተወሰነ ደረጃ በኋላ አይጠቅምም። ከተዛወሩ በኋላ በበጋ ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተመልሶ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ ግን ይቻላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ነገር ግን ከምዝገባው በፊት የዩኒቨርሲቲውን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። የቃል ማረጋገጫ፣ የሰጠው አማካሪ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ እሱ ሥራ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። ከአማካሪ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ የተስማማችሁበትን በኢሜይል ጽፋችሁ ማረጋገጫ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የገንዘብ ድጋፉም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ላይ አዲሱን ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ቤት ኮዱ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በኮሌጁ የተፈቀደላችሁ ድጋፍ በራሱ ተከትሏችሁ አይሄድም። የማይመለሰው የፌዴራል ድጋፍ፣ የፔል ግራንት፣ በሕይወት ዘመን ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፣ በማይቆጠር ኮርስ ላይ የጠፋ ሴሚስተር ከዚህ ላይም ይቀነሳል። በሌላ በኩል የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ ሳያልፍ መጨረስ አለበት፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ይህ 180 ነው። ዩኒቨርሲቲው ለፕሮግራማችሁ ተቀብሏቸው የመጡት ክሬዲቶችም እንደተሞከሩና እንደተጠናቀቁ ሆነው ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። መስክ ደጋግሞ የቀየረ፣ ከአንድ በላይ ኮሌጅ የተማረ ሰው ወደዚህ ጣሪያ ሳያስበው ሊቃረብ ስለሚችል፣ ቁጥሩን የገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱን በየዓመቱ መጠየቅ ይበጃል።

አሶሺየት ዲግሪውን ሳይጨርሱ ቀደም ብለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለተዛወሩም አንድ መንገድ አለ። በብዙ ግዛቶች በዩኒቨርሲቲ የተወሰደው ክሬዲት ወደ ቀድሞው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተልኮ የጎደለውን በመሙላት አሶሺየት ዲግሪውን ማግኘት ይቻላል። ሥራ እየሠራ ለሚማርና የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በመሀል ሊቋረጥበት ለሚችል ሰው ይህ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለቀድሞው ኮሌጅ ሬጅስትራር ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲውን ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክላቸው ማድረግና ኮሌጁ በራሱ ግቢ እንዲወሰድ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ክሬዲት ማሟላታችሁን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።